በቄድሮን ሸለቆ፦ የአቤሴሎም ሐውልትና የአባት ልቅሶ

ከዴር ሡልጣን ገዳማችን ተነሥተን፣ በእስጢፋኖስ በር ወጥተን፣ በጌቴሴማኒ የእመቤታችንን መቃብር ከተሳለምን በኋላ ብዙዎቹ ተሳላሚዎች ፊታቸውን ወደ ደብረ ዘይት ዳገት ይመልሳሉ። በስተደቡብ፣ ሸለቆውን ይዘው ጥቂት ወረድ ለሚሉ ግን የአቤሴሎም ሐውልት የሚባለው ይታያቸዋል። ቁመቱ 20 ሜትር ያህል ነው፤ የታችኛው ክፍሉ ከአለቱ ተፈልፍሎ የወጣ፣ የላይኛው በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ አናቱም እንደ ቆብ የሾጠጠ ነው።

ሊቃውንተ ቅርስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተሠራ ይናገራሉ፤ ይኸውም ከንጉሥ ዳዊት ዘመን 1000 ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑ ነው። አቤሴሎም በሕይወቱ ሳለ በንጉሥ ሸለቆ ሐውልት ማቆሙ ተጽፏልና ሕዝቡ ስሙን ለዚህ ሰጠው። ተሳላሚ በዚህ ሊታወክ አይገባውም።

የቀደሙት የኢየሩሳሌም ሰዎች በዚህ ሲያልፉ ድንጋይ ይወረውሩበት፣ እንቢተኛ ልጆቻቸውንም እያመጡ የዐመፅን ፍጻሜ ያሳዩአቸው ነበር። በእኛ አሳብ ይህ ልማድ አባትየውን ረስቷል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 18 የምናገኘው ንጉሥ፣ በመሃናይም በሁለቱ በሮች መካከል ተቀምጦ ወሬ የሚጠብቅ ወላጅ ነው። ሁለቱም ሯጮች የድል ብሥራት ይዘው መጡ፤ እርሱ ግን ሁለቱንም የጠየቃቸው የልጁን ደኅንነት ነበር። ያ ልጅ የተነሣው በእርሱው ላይ ነው! መርዶውን በሰማ ጊዜ በበሩ ላይ ወዳለው ሰገነት ወጥቶ ልጄ፣ ልጄ እያለ አለቀሰ፤ በእርሱ ፈንታ መሞትን ተመኘ። ድል ያደረገው ሠራዊትም ሸሽቶ እንደ መጣ ሰው እያፈረ ወደ ከተማ ገባ። ገዳዩ ኢዮአብ ንጉሡን ገሠጸው፤ ስለ መንግሥቱ እውነት ተናግሮ ይሆናል፣ ስለ አባት ግን አላወቀም።

በሀገራችን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት ቢቆምም፣ የልጃቸው ወሬ ያልደረሳቸው ወላጆች ለትንሣኤ በዓል ሲመጡ እንቀበላለን። ከእነርሱ አንዲት እናት በሐውልቱ ሥር ቆመው፣ «አባቴ፣ ዳዊት የልጁን ሬሳ አግኝቶ ቀበረ?» ሲሉ ጠየቁን። አላገኘም፤ ወታደሮቹ በዱር ውስጥ በትልቅ ጕድጓድ ጥለው ብዙ ድንጋይ ከመሩበት። ይህንኑ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እርሱስ መርዶ ደርሶታል» አሉ።

እኒህ እናት ለጸሎት ያመጡት የስም ወረቀት ሁለት ነበረ፤ አንዱ የሕያዋን፣ አንዱ የሙታን። የልጃቸው ስም ከሁለቱም አልነበረም። ለብቻው በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ተቀብለን ከሕያዋን ጋር አኖርነው፤ በጸሎትም እንጠራዋለን።

እንዲህ ያለ ስም የያዛችሁ ወላጆች ወደ ሸለቆው ከመውረዳችሁ በፊት፣ ወይም ስትመለሱ፣ ለዕለቱ ካህን ስጡን። አለ ወይስ የለም ብለን አንጠይቃችሁም።