ከማዱራይ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባባ፣

ከዴልሂ ወደ ደቡብ ወርጄ አሁን ያለሁት በሕንድ ታሚል ናዱ ክልል፣ ማዱራይ ከተማ ነው። የደረስኩት ለፖንጋል፣ ለመከር በዓላቸው ነው፤ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይከበራል። ሴቶቹ ማለዳ ደጃፋቸውን ጠርገው በሩዝ ዱቄት ሐረግ ይስሉበታል። አዲሱ ሩዝ በወተትና ባልተጣራ የአገዳ ስኳር ይጣድና፣ ወተቱ ገንፍሎ ሲፈስ ቤተሰቡ ሁሉ «ፖንጋሎ ፖንጋል!» እያለ ይጮኻል። በማግስቱ ተራው የከብቶቹ ነው፤ ይታጠባሉ፣ ቀንዳቸው ቀለም ይቀባል፣ አንገታቸው ላይ አበባ ይንጠለጠላል።

አላንጋናሉር የሚባል መንደር ሄጄ ጃሊካቱ የሚሉትን ጨዋታም አየሁ። ኮርማው በጠባብ በር ይለቀቃል። ወጣቶች አድፍጠው ይጠብቁትና አንዱ ዘሎ ሻኛው ላይ ይጠመጠማል። ቀንድ መያዝም ጭራ መጎተትም ክልክል ነው። ሳይወድቅ የተወሰነ ርቀት ከተጓዘ አሸነፈ፤ ከወደቀ ሽልማቱ የኮርማው ባለቤት ነው። መጀመሪያ የሚወጣውን የቤተ መቅደሱን ኮርማ ግን ማንም አይነካውም፤ ሁሉም ገለል ብሎ ያሳልፈዋል። በጨዋታው ሰው ይቆስላል፣ የሚሞትም አለ።

የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ከስሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 አግዶት ነበር (ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)። በጥር 2017 እልፍ አእላፍ ወጣት እገዳው ይነሳ ብሎ በክልሉ ዋና ከተማ በቼናይ፣ ማሪና ባሕር ዳርቻ ወጥቶ ቀንና ሌሊት አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ብዙዎቹ ኮርማ ነክተው የማያውቁ የከተማ ተማሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ። ጉዳዩ ከኮርማ አልፎ «ባህላችንን ዴልሂ አይወስንልንም» ወደሚል ደርሶ ነበርና። ፖለቲከኛ አጠገባችን አይድረስ ብለውም ነበር። የክልሉ መንግሥት በቀናት ውስጥ ሕጉን አሻሻለ፤ በ2023 ፍርድ ቤቱም አጸናው። ፖለቲከኞቹ ግን ተመልሰው መጥተዋል። በ2024 አላንጋናሉር አካባቢ ትልቅ የጃሊካቱ ስታዲየም ተመረቀ፤ ስያሜውም ለቀድሞው የክልሉ ዋና ሚኒስትር ለካሩናኒዲ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ለአሸናፊው የሚሰጠውም መኪና የዋና ሚኒስትሩ ሽልማት ተብሎ ነው። ወጣቱ በራሱ ጉልበት ያስመለሰውን ነገር ባለሥልጣን ስሙን ሲጽፍበት ማየት ከነከነኝ።

የዚህ የታሚል ሕዝብ ቁጭት የቆየ ነው። በ1937 ሂንዲ በትምህርት ቤት ግዴታ ሲደረግ ተቃወሙ። በ1965 ሂንዲ ብቸኛው የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ሊሆን ሲል ተማሪው ጎዳና ወጣ፤ በገዛ እጃቸው ራሳቸውን በእሳት ያቃጠሉም ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የድራቪድ ንቅናቄ ከተባለው የደቡብ ሕንድ ሕዝቦች እንቅስቃሴ የወጣ ፓርቲ የክልሉን ምርጫ ጠራርጎ ወሰደ፤ የኮንግረስ ፓርቲው አንጋፋ ካማራጅ እንኳ በገዛ አገሩ በአንድ የተማሪዎች መሪ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ክልሉን ያስተዳደሩት ከዚያው እንቅስቃሴ የወጡ ፓርቲዎች ነበሩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ይኸው ፓርቲ ቀድሞ መገንጠልን ይሰብክ ነበር። በ1963 ያንን ጥያቄ ትቶ ኋላ በምርጫ ሥልጣን ያዘ፤ ቋንቋውንም ከነክብሩ አቆየ። ይህን ስጽፍልዎ የእኛ አገር ነገር ከሐሳቤ አልጠፋም።

ስማቸውም እንደ እኛ ነው፤ የቤተሰብ ስም የላቸውም። የአባታቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከስማቸው ፊት ያስቀምጣሉ። ሕንድ አገር የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ የሰውን የዘር ደረጃ (ካስት) ያሳብቃል፤ እነዚህ ግን በ1925 ፔሪያር ከመሩት የራስ አክብሮት ንቅናቄ ወዲህ ያንን ስም ከላያቸው አራግፈው ጣሉት። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ስሙ ቢጣልም ነገሩ አልተጣለም። በብዙ መንደር ከዘር ደረጃው በታች የተጣሉት፣ ዳሊቶች የሚባሉት፣ ሰፈራቸው ዛሬም ለብቻው ነው። በጃሊካቱ እንኳ ዳሊት ወጣቶች እንገፋለን እያሉ ያማርራሉ። «የታሚል ባህል» ሲባል ከደስታው ተካፋይ ያልሆነ ታሚል መኖሩ ያሳዝነኛል።

መሪዎቻቸውን ፊልም ቤት ነው ያፈራቸው። ካሩናኒዲ የፊልም ድርሰት ጸሐፊ፣ ራማቻንድራን የፊልም ጀግና፣ ጃያላሊታ ተዋናይት ነበሩ፤ ሦስቱም ዋና ሚኒስትር ሆነዋል፣ ሦስቱም የተቀበሩት እዚያው ማሪና ነው። ሕዝቡ ይወዳቸዋል፣ እነሱም ያበሉታል። ጃያላሊታ፣ «አማ» የሚሏት፣ በ2013 በከፈተቻቸው ምግብ ቤቶች ኢድሊ የሚባለው የሩዝ ቂጣ በ1 ሩፒ ይሸጥ ነበር። ለምርጫ ተብሎ ቀለም ቴሌቪዥን በነጻ የታደለበት ዘመንም አለ። ቴሌቪዥኑ ድምፅ መግዣ ነው፤ ስለ እሱ ጥሩ ቃል የለኝም። ለሰው መስገድም ዋጋ ያስከፍላል፤ በ2025 ካሩር ከተማ፣ ፓርቲ ያቋቋመውን ተዋናይ ቪጃይን ለማየት ከወጣው ሕዝብ በግፊያ ከ40 በላይ ሰው ሞተ፤ ሕፃናትም ነበሩበት።

በትምህርት ቤት ለልጆች በነጻ የሚሰጠውን ምሳ ግን ማንም በቀላሉ አያጣጥልብኝ። ካማራጅ በ1950ዎቹ በክልል ደረጃ ጀመረው፣ ራማቻንድራን በ1982 አስፋፋው፣ በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤት መላው ሕንድ እንዲከተል አዘዘ። ተቀናቃኝ ፓርቲዎች ሲፈራረቁ አንዱ የሌላውን አላፈረሰም። እኔ ፖለቲከኛን የምመዝነው በዚህ ነው፤ የሕዝቡን ኩራት ይዞ ወደ ልጆች ሳህን ከወሰደው ይሁን፣ ወደ ራሱ ሐውልት ከወሰደው ግን አልቀበለውም።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ክፍል ውስጥ በረሃብ የሚያንቀላፉ ልጆችን ስታስተምር ስለኖረች ይህን በተለይ ይንገሩልኝ፤ እዚህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ2022 ጀምሮ ምሳ ብቻ ሳይሆን ቁርስም ይሰጣል።

ልጅዎ