አራጁ የማይጠየቅበት ወጥ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሰርግ ሲደገስ ሙስሊሙ ደጋሽ ለክርስቲያን እንግዶቹ በክርስቲያን እጅ ያሳርዳል፤ ክርስቲያኑም ለሙስሊሞቹ በሙስሊም እጅ። ድስቱም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ገበታውም ለየብቻ ነው። ማንም በዚህ ቅር አይለውም፤ መከባበራችን ነው። እኔ ግን የምወደው ሁላችንም ከአንድ ገበታ የምንቆርስበትን ምግብ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የዓሣ ወጥን የሚያህል የለም። ዓሣ በእስልምና ሳይታረድም ሐላል ነው፤ ክርስቲያኑም ማን አረደው ብሎ አይጠይቅም።

ዓሣውም ከሩቅ አይመጣም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ አለ፣ የአርዲቦ ሐይቅም እዚያው አቅራቢያ ነው። ከሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የውሃው ተወላጅ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። አምባዛም ይገኛል፤ ነገር ግን ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ክርስቲያኖች አይበሉትም። ጎረቤት ለምትጠሩበት ቀን ቆሮሶ ግዙ። ዓይኑ የጠራ፣ የጉሮሮው ውስጥ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። መዳፍ የማይሞላውን ግን ተዉት፤ ሳይራባ የተያዘ ዓሣ ነገ ሐይቁን ባዶ ያስቀረዋል።

ወጡን የሚሠራው ሽንኩርቱ ነው። ለአንድ ኪሎ ዓሣ ከግማሽ ኪሎ ያላነሰ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉና መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በዝግታ አቁላሉት። ውሃውን ጨርሶ መልኩ ሲለወጥ ዘይት ጨምሩ፣ ከዚያ በርበሬውን። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተውና ዘይቱ ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ አቁላሉት፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ በመሐል ይግባ። ዓሣውን በሎሚና በጨው አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በትኩስ ዘይት ላዩን ብቻ ጠበስ አድርጉት፤ እንዲህ ካልሆነ ወጡ ውስጥ ይፈራርሳል። ከገባ በኋላ ማማሰያ አይንካው። ድስቱን በጆሮው ይዛችሁ ወዝወዝ እያደረጋችሁ፣ 10 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ሲወጣ ኮረሪማ ነስነስ አድርጉበት።

ቅቤ ይግባበት የሚሉ አሉ። ቅቤ የዓሣውን ጣዕም ይውጠዋል፤ በጾም ቀን ዓሣ የሚበላ ጎረቤታችሁንም ከገበታው ያስቀረዋል። (በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት።)

የድስቱንም ነገር አደራ። ዓሣው ምንም ጥያቄ ባይኖርበትም፣ ትናንት የሥጋ ወጥ የተሠራበት ድስት እንግዳችሁን ያሳቅቀዋል፤ አክብሯችሁ ዝም ይላል እንጂ እጁ አይዘረጋም። አቅም ካላችሁ ሥጋ ያልነካው አንድ ድስት ለዓሣ ብቻ ለዩ፤ ጎረቤቶቻችሁም ይህንን ይወቁ።