የሚያዝያ ግልገሎች በግሽ ዓባይ

ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚያመራው አስፋልት ጥሊሊ ስንደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍንና ወደ ግሽ ዓባይ የሚወስደውን የሰከላን ዳገት ተያያዝነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው። ድንቹ፣ ገብሱና ባሕር ዛፉ ዓይን ይስባሉ፤ የእኔን ዓይን የያዘው ግን በጉ ነው። ቀይና ቡናማ፣ ጠጉሩ አጭርና ልሙጥ፣ ላቱ ወፍራም፣ ወንዱም ሴቷም ቀንድ የላቸውም። ዋሸራ ይሉታል።

ሰው ግሽ ዓባይ የሚመጣው ለዓባይ ምንጭ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ይህንኑ ምንጭ አይተው ለዓለም ጽፈዋል። እኔም እህል ሳልቀምስ ጠበሉን ጠጣሁ፤ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና የሚገባው ወንዝ ከዚያች ትንሽ ረግረግ መነሳቱ አስደመመኝ። ልቤ የቀረው ግን ካደርኩበት ቤት ጉረኖ ውስጥ ነው።

ሚያዝያ እዚህ የማይታመን ወር ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ከቀትር በኋላ ጉሙ ይወርድና ወይ በረዶ ይጥላል፣ ወይ ምንም ሳያደርግ ይገፈፋል። በጎች የሚወልዱት ደግሞ በዚሁ መሀል ነው። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ስለማይለይ ለመውለጃ የተቆረጠ ወር የለም። ክረምት ባበቀለው ሣር ጠግባ ኅዳር ላይ የተጠቃች በግ፣ እርግዝናዋ አምስት ወር ነውና፣ ሚያዝያ ላይ ትወልዳለች።

ባደርኩበት ቀን በረዶው ሲጀምር መንጋው እየሮጠ ገባ፤ አንዲት እናት ግን ጎደለች። የቤቱ ልጅ ገሳውን ደርቦ ወጣ። ሲመለስ ሁለት ግልገል አቅፎ፣ እናቲቱን ከኋላው አስከትሎ ነበር። አንደኛው ይጮኻል። ሁለተኛው አንገቱ ዝሏል፤ አጭር ጠጉሩ ርሶ ከቆዳው ተጣብቋል፤ አፉ ውስጥ ጣት ሲገባ ይቀዘቅዛል።

እመቤቲቱ ብዙ አላወሩም። ግልገሉን በደረቅ ጭድ አሹት፤ አፍንጫውን ጠረጉ፤ ምድጃው አጠገብ፣ ጭሱ በማይደርስበት በኩል አስተኙት። ከእናቱ ጡት እንገር አለቡና በጣታቸው ጫፍ ጠብ ጠብ አደረጉለት።

«እናቴ፣ ይተርፋል?» አልኳቸው።

«ሳይጠባ ተረፈ አይባልም ልጄ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከግልገሉ ሳያነሱ።

ነገሩ እውነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚጠባው ወፍራም እንገር ሙቀትም ነው፣ በሽታ መከላከያም ነው፤ ጊዜው ካለፈ አንጀቱ ያን መከላከያ አይቀበልም። ሌላም ጭንቅ አለ፦ እናቲቱ የራቀባትን ግልገል ሽታው ከጠፋባት አታስጠጋውም። ስለዚህ ሴትዮዋ የወንድሙን እርጥበት ጀርባው ላይ ቀቡት፤ ጨው ነሰነሱበት፤ እግሩ ሲጸና ወደ እሷ ገፉት። አሸተተችው፣ አመነታች፣ ከዚያ ትልሰው ጀመር። ጅራቱ ተርገበገበ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ሳቅሁ፤ የቤቱ ሰው ቡናውን ቀጠለ።

መንታ መውለድ የዋሸራ ዝና ነው። በዚህ ሰማይ ሥር ግን መንታ በረከትም ፈተናም ነው። ሁለት አፍ የሚጠባት እናት አተላና የኑግ ፋጉሎ ካልተጨመረላት ወተቷ አይበቃም፤ አንድ የበረዶ ምሽት ደግሞ ትርፉን ሊወስድ ይችላል። በግ እዚህ የቁም ተቀማጭ ነው፦ ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በዓል ሲደርስ ከመንጋው አንዱ ገበያ ይወጣል። ምድጃ ዳር የታሸው ግልገል ከሞት ቢተርፍ በሚቀጥለው ዓመት ክረምት የማዳበሪያ ዋጋ ነው።

ግሽ ዓባይ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠበሉን ቀምሶ በዚያው ቀን ይመለሳል። የምመክረው እንዲያድር ነው። ወፍራም ጋቢና ውሃ የማያስገባ ጫማ ይያዝ፤ ከቀትር በኋላ ከቤት አይራቅ፤ በረዶው ሲጀምር ደግሞ እንግዳ ነኝ ብሎ ጥግ አይያዝ። ግልገል የሚያቅፍ እጅ ያን ሰዓት ሁልጊዜ ይጎድላል።