ምን አየህ? ምን በላህ? ምን ይዘህ መጣህ?



ከመንገድ የተመለሰ ሰው በእኛ ሠፈር ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፦ «ምን አየህ? ምን በላህ? ምን ይዘህ መጣህ?» እኔ በጉርድ ሾላ ልጆች የማስቀራ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ አርባን ካለፈ ቆይቷል፤ እስካለፈው ዓመት ኅዳር ወር ድረስ ግን ከአገር ወጥቼ አላውቅም ነበር። ከቱርክ ልብስ እያመጣ የሚነግድ የአጎቴ ልጅ «እኔ ገበያ ለገበያ ስዞር አንተ መስጊዶቹን ታያለህ» ብሎ ወጪዬን ቻለልኝና ለአራት ቀን ኢስታንቡል ሄድን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ቀላል ነበር። ሦስተኛው ግን ገና ሳልመለስ እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

ከመሄዴ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንዲት የሠፈራችን እናት ቤቴ መጡ። ልጃቸው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ኢስታንቡል ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስልካቸውን አውጥተው የላከላቸውን ፎቶዎች አሳዩኝ። አንዱ ላይ ባሕር ዳር ቆሞ ይስቃል፤ ሌላው ላይ የሚያብረቀርቅ መኪና ተደግፏል። «ኡስታዝ፣ ልጄን በዓይንዎ አይተው ይምጡልኝ» አሉ። ቀጠሉና፣ «ታናሹም በዚያው መንገድ ልሂድ እያለ ነው። ያለችኝን ወርቅ ልሽጥለት ወይስ ይቅርበት? እርስዎ አይተው የሚሉኝን አደርጋለሁ» አሉኝ። ከዚያም አንድ ቋጠሮ በርበሬ ለልጃቸው አስያዙኝ። በርበሬው ቀላል ነው፤ አማናው ግን ከበደኝ።

ከተማዋ ግማሿ በአውሮፓ፣ ግማሿ በእስያ ናት፤ ቦስፎረስ የሚሉት ባሕር መሐል ለመሐል ይከፍላታል። እኛ ያረፍነው በአውሮፓው ወገን፣ ላሌሊ በተባለው የነጋዴዎች ሠፈር ነው። ጥቂት ቀን ላለው እንግዳ ይህ ሠፈር ይመቻል። የመንገድ ባቡሩ በበያዚት፣ በሱልጣን አሕመድና በጉልሃኔ አልፎ ኤሚኖኑ ከባሕሩ ዳር ያደርሳል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የእኛው ባቡር ከጉርድ ሾላ ተሳፍሮ ለሚያውቅ ሰው እንግድነቱ ብዙ አይደለም። አንድ ካርድ ገዝቶ ገንዘብ መሙላት ነው፤ በዚያው ካርድ ጀልባውም ይሳፈሩበታል።

ጁምዓን የሰገድኩት በሱለይማንያ መስጊድ ነው። ሲናን የተባለው ታላቅ የሕንፃ ሊቅ ለሱልጣን ሱለይማን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1557 የፈጸመው ነው። ከጉልላቱ ይልቅ የገረመኝ ዙሪያው ነበር፤ መስጊዱ ሲሠራ መድረሳዎች፣ ሐኪም ቤትና ለድሆች ምግብ የሚበስልበት ቤት አብረው ተሠርተውለታል። አያሶፍያንም አየሁ። እ.ኤ.አ. በ537 በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተሠራ፤ በ1453 ከተማዋ በኦቶማኖች እጅ ስትገባ መስጊድ ሆነ፤ በ1935 ሙዚየም ተደረገ፤ በ2020 ደግሞ እንደገና መስጊድ ሆነ። ሊሰግድ የሚገባ ሰው አይከፍልም። ለጉብኝት የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ደንብ 25 ዩሮ ከፍሎ ላይኛውን ፎቅ ያያል። ፊት ለፊቱ እ.ኤ.አ. በ1616 ያለቀው ባለስድስት ሚናራው የሱልጣን አሕመድ መስጊድ ቆሟል። መሄድ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ያዙ፦ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ፣ ትልቁ የተሸፈነ ገበያ ደግሞ እሑድ ዝግ ነው።

ምን በላህ ላላችሁኝ፣ ጠዋት ጠዋት ሲሚት የሚባል ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ፣ ወገበ ቀጭን በሆነች ትንሽ ብርጭቆ ከሚቀርብ ሻይ ጋር በላሁ። የምስር ሾርባቸው የቤቴን ምስር አስታወሰኝ፤ በርበሬ የለውም እንጂ። ከሱለይማንያ ፊት ለፊት ነጭ ቦሎቄ በሩዝ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ርካሽም ናቸው፣ ያጠግባሉም። ኤሚኖኑ ወደቡ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ ይሸጣል። ሐላል ፍለጋ ብዙ አያስጨንቅም፤ ሆኖም መጠጥ የሚሸጡ ቤቶችም ስላሉ ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ ይበጃል። ቡናቸው ከነአተላው ይቀርባል፤ አንድ ስኒ ነው፣ አለቀ። አቦል እንጂ ቶናና በረካ የለም። ቡና የበቀለባት አገር ልጅ ነኝና በዚህ እንኳ ትንሽ ኮራሁ!

ቅዳሜ ማታ ተማሪዬን ፈልጌ አገኘሁት። የሚሠራው ከማደሪያችን በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ርቆ በሚገኝ ሕንፃ ሥር፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ ባለ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሰፋል። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ደመወዙ ቢዘገይም አይከራከርም። ማደሪያው ከስድስት ሰዎች ጋር ነው። ልጁ ግን አመሉ አልተለወጠም፤ ሲያየኝ እጄን ስሞ አለቀሰ።

«መኪናውስ?» አልኩት።

«የማላውቀው ሰው መኪና ነው፤ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር» አለና አቀረቀረ። «ኡስታዝ፣ ለእማዬ ደህና ነው ይበሉልኝ። ምድር ቤቱን አይንገሩብኝ።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። የእናቲቱ አማና በአንድ ትከሻዬ፣ የልጁ ምስጢር በሌላው ሆነ። እውነቱን ብናገር የልጁን ገመና ማውጣቴ ነው። ብደብቅ ደግሞ ወርቁ ይሸጣል፤ ታናሹም ወደዚያው ምድር ቤት ይወርዳል።

እሑድ የዕረፍት ቀኑ ነበርና አብረን ወጣን። ጠዋት ሱለይማንያን አሳየሁት። በስድስት ዓመት ውስጥ ገብቶበት አያውቅም ነበር! አንድ ቀን በሥራ ብዛት፣ ሌላ ቀን በፖሊስ ፍርሃት ሳይገባ ቀርቷል። ቦሎቄውን ስንበላ ከእናቱ በርበሬ ቆንጥሮ ነሰነሰበት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ማቃጠሉ ነው አለኝ።

ከዚያ ከኤሚኖኑ ጀልባ ይዘን ወደ ኤዩብ ሄድን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረባ አቡ አዩብ አል-አንሷሪ የተቀበሩበት ሠፈር ነው። ከእርሳቸው መቃብር አጠገብ ግን አንድ የእኛ አገር ሰው እንደተቀበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ሐጂ በሺር አጋ ይባላል። ከሐበሻ ምድር በልጅነቱ በባርነት ተወስዶ ተሰለበ፤ ይህም ሸሪዓ የሚከለክለው ግፍ ነው። ከአስከፊው ጅማሬ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1717 ጀምሮ በ1746 እስኪሞት ድረስ የኦቶማን ቤተ መንግሥት የጃንደረቦች አለቃ ሆነ፤ የመካና የመዲናን አውቃፍም ይቆጣጠር ነበር። ሹመቱ ግን ከመጽሐፍ አልለየውም። ጉልሃኔ ከባቡሩ ማቆሚያ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1745 ያሠራው መስጊድ፣ መድረሳና ቤተ መጻሕፍት አለ። የሰበሰባቸው ኪታቦች ዛሬ በሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ይህን ለተማሪዬ ስነግረው ደስ ይለዋል፣ ወገኑ እዚህ መድረሱ ያኮራዋል ብዬ ነበር። እርሱ ግን ዝም ብሎ መቃብሩን ሲያይ ቆየና ያላሰብኩትን ጠየቀኝ።

«ኡስታዝ፣ እናቱስ? የት እንደደረሰ ማን ነገራት?»

የምመልሰው አጣሁ። መጻሕፍት የሹመቱን ዓመት ይነግሩናል፤ የኪታቦቹን ክምችት ይነግሩናል። ስለ እናቱ የሚነግረን የለም። ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ በሩን ስታይ ኖራለች። በዚያ ዘመን ወሬ የሚያደርስ መንገደኛ አልነበራትም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጥ ነበር። ተማሪዬ ውሃውን እያየ፣ «ለእማዬ እውነቱን ይንገሯት» አለኝ። «ቀስ አድርገው ግን። ታናሼም ይስማ።»

አገሬ እንደገባሁ መጀመሪያ የሄድኩት እናቲቱ ቤት ነው። ታናሹን ልጅ አስጠርቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩና ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ምድር ቤቱን፣ አሥራ ሁለቱን ሰዓት፣ የሰው መኪናውን ነገርኳቸው። ሶላቱን እንዳልተወም፣ ሰው እንደማይበድልም ነገርኳቸው፤ እርሱም እውነት ነውና። እናቲቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ይበላል?»

ስለ ቦሎቄውና ስለ በርበሬው አጫወትኳቸው። «የእኔን በርበሬ!» ብለው እየሳቁ አለቀሱ። ወርቁ እስከ ዛሬ አልተሸጠም። ታናሹ ማታ ማታ መጥቶ ይቀራል፤ ቀን የብረታ ብረት ሥራ እየተማረ ነው። ነገ ምን እንደሚወስን አላህ ያውቃል። ቢያንስ ግን የሚወስነው እያወቀ ነው።

ውድ አንባቢያን! አላህ ያገራለት ሰው ይጓዝ፤ መጓዝ መልካም ነው። ሱለይማንያንም ይይ፣ ሲሚቱንም ይቅመስ፣ በጀልባውም ይሻገር። ነገር ግን የመንገደኛ ሻንጣ ልብስና ጣፋጭ ብቻ መያዝ የለበትም። በየከተማው ምድር ቤት የእኛ ልጆች አሉ፤ ከአራት ቀን አንዱን ለእነርሱ ይስጥ። እዚያ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶችም በሰው መኪና ተደግፋችሁ የምትልኩት ፎቶ እዚህ የአንዲት እናትን ወርቅ እንደሚያሸጥ አስቡ። ደህና ስትሆኑ ደህና ነኝ በሉ፤ ሲከብዳችሁም ከብዶኛል በሉ። ልጁ የት እንደደረሰ ሳታውቅ የኖረች እናት ያኔ ወሬ አድራሽ አልነበራትም። ዛሬ ስልክም አለ፣ አውሮፕላንም አለ፤ የቀረው እውነት የሚናገር ሰው ነው።

አላህ በስደት ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በደህና ለአገራቸውና ለወላጆቻቸው ያብቃልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።