ፋይል አይጠፋም፣ ያለ ቦታው ይቀመጣል እንጂ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ ያፈረ ሰው ድምፅ እንጂ። «ልጄ፣ የላከችልኝ አባሪ አልከፈት አለኝ። አንድ ነገር ነክቼ አበላሽቼው ይሆናል» አሉኝ።

የላከችው አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ናት። ማክሰኞ የቪዛ ቃለ መጠይቅ አለባቸው፤ ይዘው የሚቀርቡትን የግብዣ ደብዳቤና የባንክ ማስረጃ ነው የላከችላቸው። አርብ ማታ ኮምፒውተሩ «ብሮውዘሩን አፕዴት ላድርግ?» ሲላቸው «እሺ» ብለው ተኝተዋል። ሲነጋ አባሪውን ቢጫኑት፣ ቢጫኑት፣ ምንም የለም።

እኔ ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ምን ነበር? «ጋሼ፣ በደንብ ተጭነውታል?»

ይህን ጥያቄ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ቀጥዬ ሪስታርት አስደረግኳቸው። ቀጥዬ ደግሞ «ካሹን እናጥፋው» ብዬ በስልክ ስመራቸው ኩኪውንም አብሬ አስጠፋኋቸው። ከኢሜይላቸው ጭራሽ ወጡ። ፓስወርዱ የተጻፈበትን ደብተር ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ጫማዬን አድርጌ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ቡና ቀረበልኝና አጠገባቸው ተቀምጬ «እስቲ ልክ እንደ ጠዋቱ አድርገው ያሳዩኝ» አልኳቸው። ተጫኑ። በዚያች ቅጽበት ከላይ በቀኝ ጥግ አንዲት ትንሽ ቀስት ብልጭ ብላ ጠፋች። የእሳቸው ዓይን ግን ታች በግራ ጥግ ላይ ተተክሏል፤ የወረደ ፋይል ለዓመታት ብቅ ይልበት የነበረው ቦታ እዚያ ነበራ። አፕዴቱ ወደ ላይ አዛውሮታል፤ ለእሳቸው ግን የነገራቸው የለም።

የዳውንሎድ ፎልደሩን ከፈትኩ። የግብዣ ደብዳቤው ቁጭ ብሏል፤ ያውም 11 ጊዜ። ስሙ ላይ በቅንፍ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ እስከ 10 ተደርድሯል። አጎቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ለአንድ ደብዳቤ 11 ኮፒ? በእኛ ጊዜ እኮ ይሄን ያደረገ ሠራተኛ ደመወዙ ይቀጣ ነበር!» ብለው ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

አጎቴ 30 ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። «ፋይል አይጠፋም፣ ያለ ቦታው ይቀመጣል እንጂ» የሚሉት ነገር አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ጨመሩልኝ። «መደርደሪያ ስንቀይር በድሮው ቦታ ካርድ እንተው ነበር፤ ‹ወደዚህ ተዛውሯል› የሚል። ያለ ካርድ ያዛወረ ሰው ፋይል እንዳጠፋ ነው የሚቆጠረው።»

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኢሜይል መጀመሪያ ፊደል ብቻ እንጂ ፎቶ ወይም ድምፅ የሚጫንበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1992 ናትናኤል ቦረንስታይን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚዘምርበትን ቡድን ፎቶና ድምፅ ከኢሜይል ጋር አያይዞ ላከ። ከኔድ ፍሪድ ጋር ሆነው የቀረጹት ዘዴ ማይም ይባላል፤ ዛሬም የምንጠቀመው እሱኑ ነው። ፋይሉ ለመንገድ ሲባል ወደ ተራ ፊደላት ይለወጣል። እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ፊደል ስለሚሆን አባሪው በሲሶ ያህል ይወፍራል። ከፊቱም «ይህ ፒዲኤፍ ነው»፣ «ይህ ፎቶ ነው» የሚል መለያ ይለጠፍበታል። ብሮውዘሩ መለያውን አንብቦ ይወስናል፦ ራሴ ልክፈተው? ለሌላ ፕሮግራም ላስረክበው? ወይስ ዝም ብዬ ላስቀምጠው? አፕዴት ሲመጣ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ይህ ውሳኔ ነው። ፋይሉ ደህና ነው፤ ተቀባዩም አላጠፋም።

የባንክ ማስረጃው ግን ሌላ ጣጣ ነበረበት። ወርዷል፣ ሲጫኑት ግን ኮምፒውተሩ «በምን ልክፈተው?» ይላል። ስሙን ባየው የፐርሰንት ምልክት፣ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ልጅቷ ፋይሉን በአማርኛ ነበር የሰየመችው፣ ያውም ረዘም አድርጋ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ ወደ ፐርሰንት አጻጻፍ ሲለወጥ ደግሞ 9 ምልክት ይሆናል። 30 ፊደል ያለው ስም 270 ሆነ ማለት ነው። የፋይል ስም እንደ ልማዱ ከ255 አያልፍም። ትርፉ ሲቆረጥ መጨረሻ ላይ ያለችው «ነጥብ ፒዲኤፍ» አብራ ሄደች። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፋይልን የሚያውቀው በጭራው ነው። በኖትፓድ ስከፍተው የመጀመሪያው መስመር ላይ ፒዲኤፍ የሚሉት ሦስት ፊደላት አሉ፤ እውነተኛ ፒዲኤፍ እንዲያ ነው የሚጀምረው። ስሙን አሳጥሬ ጭራውን መለስኩለት። ተከፈተ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ «አልከፈት አለኝ» የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ምንም ካልታየ ኮንትሮልና ጄን አብራችሁ ተጫኑ፤ ዊንዶውስ ላይ ብዙዎቹ ብሮውዘሮች የወረደውን ዝርዝር ያወጣሉ። ወርዶ ካልተከፈተ የስሙን ጭራና መጠኑን እዩ፤ ዜሮ ከሆነ እንደገና አውርዱት። በፕራይቬት መስኮት ከተከፈተ ጥፋቱ ብሮውዘሩ ላይ የጫናችሁት ኤክስቴንሽን ሊሆን ይችላል። በሌላ ስልክም ኮምፒውተርም እምቢ ካለ ፋይሉ ራሱ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ላኪው ደግሞ ይላከው። ካሽ ማጥፋት መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ኩኪውን ሳትነኩ። ላኪውን የማታውቁት ከሆነ ግን አልከፈት ማለቱን እንደ ውለታ ቁጠሩት፤ አትታገሉት።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ወላጅ ወይም ታላቅ ሰው ሲደውልላችሁ «ምን ነኩ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አዩ?» በሉ። እኔ በስልክ አንድ ሰዓት ያባከንኩት የአጎቴ ዓይን የት እንደሚመለከት ስላልጠየቅሁ ነው። እሳቸው ያዩት በትክክል ያንኑ ለዓመታት የለመዱትን ቦታ ነው።

ማክሰኞ ማታ ቃለ መጠይቁ እንዴት እንደነበረ ልጠይቃቸው ጎራ አልኩ። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ፣ ታች በግራ ጥግ፣ አንዲት ካርድ በፕላስተር ተለጥፋለች። በዚያ ባማረ የመዝገብ ቤት እጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ትላለች፦ «የወረደ ፋይል ወደ ላይ ቀኝ ጥግ ተዛውሯል።» ከሥሯ ቀንና ፊርማ አለ።