ቀለሙ ሲቀላቀል

ፍሪሞንት ጎዳና ላይ ባለ አንድ ካዚኖ ሩሌት አጫውታለሁ። የዳውንታውን ላስ ቬጋስ ሌሊት ጫጫታ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ግን የምወደው አንድ ሥርዓት አለ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ቀለም ያለው ቺፕ ይሰጠዋል። አምስት ሰው 17 ቁጥር ላይ ደራርቦ ቢከምርም፣ ኳሷ ስታርፍ የቱ የማን እንደሆነ ቀለሙ ይነግረኛል። ባልና ሚስት መጥተው «አንድ ቀለም ይበቃናል» ሲሉ ደስ አይለኝም። ሲሸነፉ ጸጥታ ነው፤ ጉዱ የሚመጣው ሲያሸንፉ ነው።

አራት ኪሎ ፊዚክስ ስለተማርኩ ይመስለኛል፣ ይህን ባየሁ ቁጥር ደብልዩ ቦዞን ትዝ ይለኛል። ከፕሮቶን 86 እጥፍ ገደማ የሚከብድ ቅንጣት ነው፤ ዕድሜ ግን የለውም ቢባል ይቀላል። አንድ ሰከንድ ለቢሊዮን ተከፍሎ፣ የደረሰው እንደገና ለቢሊዮን ተከፍሎ፣ የቀረችውም ለሦስት ሚሊዮን ብትከፈል ያቺን ታህል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000 ጄኔቭ አጠገብ በሰርን ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን እያጋጩ ደብልዩዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ይፈጥሩ ነበር። ወላጁን ያየው የለም። የሚታየው ስብርባሪው ነው፤ የወላጁ ክብደትም የሚሰላው ስብርባሪውን ለቅሞ በመደመር ነው።

ለመደመር ግን የቱ ስብርባሪ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጥንድ ከእያንዳንዱ ወላጅ አንድ ኳርክና አንድ ፀረ ኳርክ፣ በድምሩ አራት ሆኖ ይፈርሳል። ኳርክም «ቀለም» አለው፤ በዓይን የሚታይ አይደለም፣ ፊዚክሰኞች እንዲሁ የሰየሙት ሦስት ዓይነት ጠባይ ነው። ሁለቱ ወላጆች የሚፈርሱት ከፕሮቶን ስፋት በጣም ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ልጆቻቸው ስብርባሪ እስኪሆኑ ግን የፕሮቶንን ስፋት ያህል ይጓዛሉ። ስለዚህ ይደራረባሉ። እንዲያው በዕድል ቢታሰብ ከዘጠኝ አንዴ የአንዱ ኳርክ ቀለም ከሌላው ፀረ ኳርክ ጋር ይገጥማል። ከገጠመ በመካከላቸው የሚወለደው የአንደኛውም የሁለተኛውም ብቻ አይደለም። ቶርብዮርን ሾስትራንድና ቫሌሪ ኾዜ ይህን ያሰሉት እ.ኤ.አ. በ1994፣ ሰርን ጥንዶቹን መፍጠር ሳይጀምር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የአራቱ የምርምር ቡድኖች የጋራ ውጤት የሚደንቀኝ ለዚህ ነው። «ፈጽሞ አልተቀላቀለም» የሚለው ግምት ከመረጃው ጋር እምብዛም አልገጠመም። ምን ያህል እንደተቀላቀለ ግን በትክክል መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ያ ግማሽ ያህሉ መረጃ በመጨረሻው ሚዛን ላይ የአንድ አምስተኛ ያህል ድምፅ ብቻ ተሰጠው። ሐቀኛ ሒሳብ እላለሁ እኔ።

ይህ ሁሉ ሰሞኑን የመጣብኝ በወንድሜ ምክንያት ነው። ሲያትል ያለው ታናሽ ወንድሜና እኔ ለእናታችን ደሴ ላይ ቤት አሠርተናል፤ 11 ዓመት፣ በአንድ የባንክ ሒሳብ፣ ብሩ ከማን እንደመጣ ሳንጽፍ። እናታችን አምና ዐረፈች። አሁን «ድርሻችን ይለይ» ይለኛል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ልጆች አሉት። የቻልኩትን ለየሁ፦ ቆርቆሮው የእሱ፣ የውኃ ታንከሩ የኔ። ግድግዳውስ? እኔ ታምሜ ሳለሁ የቤት ኪራዬን እሱ ከፍሎልኝ፣ ለኪራይ ያሰብኩት ብር ደሴ ሄዶ ብሎኬት ሆነ። ያ ብሎኬት የማን ነው?

የላክሁለት ወረቀት ሦስት ዓምድ አለው። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የኔ። ሦስተኛው ርዕስ የለውም፤ ከሁለቱም ይረዝማል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ ደውሎ።

«እኔም አልለየሁትም፤ አንተም ጨምርበት» አልኩት።