ጣውላውን ከመንቀላችሁ በፊት

ፒያሳ አካባቢ ባሉት አሮጌ ቤቶች ያደገ ሰው፣ ማን እንደመጣ በጣውላው ወለል ድምፅ ይለያል። የአባት እርምጃ ሌላ፣ የልጅ ሩጫ ሌላ ነው። ዛሬ ግን አንድ ጣውላ ረገብ ሲል ምክሩ ወዲያው ይጎርፋል፤ «ንቀለውና ሴራሚክ አንጥፍ!»

እባካችሁ፣ አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጣውላው አይደለም። የድሮ ግንበኞች በግድግዳው ግርጌ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ይተዉ ነበር። ግቢው በአፈርና በሲሚንቶ ከፍ ሲል ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ እርጥበቱ ታች ይታመቃል፣ ጣውላውን የተሸከመው ሞራሌ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ቀዳዳውን ሳትከፍቱ ጣውላ ብትቀይሩ አዲሱም ዕድሜ አይኖረውም።

አክስቴ ቤት አንድ ጣውላ ሲነሳ አይቻለሁ። ፊቱ በሰም ብዛት ጠቁሯል። አናጢው ጀርባውን በመላጊያ ሲልገው ግን ቀይ እንጨት ብቅ አለ፣ ክፍሉንም የጥድ ሽታ ሞላው። የጥድ ልበ እንጨት ምስጥን ይቋቋማል፤ እንዲህ ያለውን እንጨት ለማገዶ መስጠት ግፍ ነው።

የግድ አዲስ ከገባ ደግሞ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ተመቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ጣውላውን አየር እንዲያገኝ አድርጋችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ደርድሩት፤ ቤቱን ይልመድ። በክረምት ስለሚያብጥም ከግድግዳው ጥቂት አርቁት። የበሰበሰውን ብቻ ቀይሩ፤ ጤነኛው ገና ብዙ ትውልድ ያስኬዳል።